ኩሬው ሲርመሰመስ እልል አንበል

ስለ ዓሣ ርባታ በተነሳ ቁጥር በምዕራብ ሸዋ፣ በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በባኮ የሚደጋገም አንድ አባባል አለ፤ «ጫጩቱ ይግባ እንጂ ዓሣ ራሱን ያራባል»። ኩሬ የቆፈረ አርሶ አደር ተስፋው ይኸው ነው። የልማት ሠራተኛውም ሊያበረታታው ሲፈልግ የሚነግረው ይህንኑ ነው። ይህን ያህል ሺህ የዓሣ ጫጩት ለአርሶ አደሮች ተከፋፈለ የሚል ዜና ስንሰማም ሥራው እንዳለቀ ቆጥረን እናጨበጭባለን። ከጥቂት ወራት በኋላ የኩሬው ዳር በጥቃቅን ዓሣ ሲርመሰመስ ጎረቤት ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ተሳካ ይባላል። የእኔ ክርክር ከዚህ እምነት ጋር ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በገባበት ትንሽ ኩሬ ውስጥ ያ መርመስመስ የኪሳራ መጀመሪያ ነው። መነሻውም ጫጩቶቹ ሲታደሉ ወንዱ ከሴቱ አለመለየቱ ነው። መለየት ስል በመልክና በቁመት መገመትን ማለቴ አይደለም። ዓሣው ፆታውን የሚያሳይበት ክብደት ላይ እስኪደርስ ጠብቆ፣ ሆዱን ገልብጦ፣ ዓይን አሳርፎ ማየትን ነው።

ቆሮሶ የአገራችን ዓሣ ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞና በቆቃ ዓሣ አጥማጆች ኑሯቸው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ናይል ቲላፒያ በሚለው ስሙም ከግብፅ እስከ ቻይና በርባታ ከሚያዙት ዓሦች ከፊተኞቹ ተርታ ይቆማል። ብርቱ ነው፤ አልጌውንም፣ ፉርሽካውንም፣ ፋጉሎውንም ይበላል፤ ሌላ ዓሣ የሚያፍንበትን ውኃ ችሎ ይኖራል። የመራባት ጠባዩ ግን ለኩሬ ባለቤት ፈተና ነው። ወንዱ የኩሬውን ወለል ጠርጎ ጎድጓዳ ያበጃል፤ ሴቷ እዚያ ላይ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። እንቁላሉ አፏ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን እስኪችሉ እዚያው ይጠበቃሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቲቱ ከምግብ ትታቀባለች ማለት ይቻላል። 100 ግራም የምትመዝን ሴት በአንድ ዙር ወደ 100 የሚጠጋ እንቁላል ትጥላለች፤ ከ600 ግራም እስከ አንድ ኪሎ የምትደርሰው ደግሞ ከ1000 እስከ 1500። በአሥር ሺዎች ከምትጥለው ከአምባዛ ጋር ሲተያይ ይህ ቁጥር ትንሽ ነው። ነገር ግን የአምባዛን እንቁላል አላፊ አግዳሚው ሲሳዩ ያደርገዋል፤ የቆሮሶ ጫጩት በእናቱ አፍ ተጠብቆ ይተርፋል። ውኃው ሞቅ ካለ ደግሞ እናቲቱ በየጥቂት ሳምንቱ ትደግመዋለች።

በሐይቅ ውስጥ ይህ ጠባይ ጸጋ ነው። አምባዛው፣ የውኃ ወፉ፣ በጫሞ ደግሞ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ከጫጩቱ አብዛኛውን ይበሉታል፤ የዓሣ አጥማጁ መረብ ከላይ ትልልቁን ያነሳል፤ የተረፈው ሰፊ ውኃና ሰፊ ምግብ አለው። ዓሣ ራሱን ያራባል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው እዚያ ነው። አርሶ አደሩ ጓሮ የተቆፈረችው፣ ፕላስቲክ የተነጠፈላት፣ 100 ካሬ ሜትር የምትሆን ኩሬ ግን ሐይቅ አይደለችም። የሚበላቸው የለም፣ የሚያወጣቸው የለም፣ ምግቡም በባልዲ የሚጨመረው ብቻ ነው። በስሌት እንየው። በየካሬ ሜትሩ 2 ዓሣ ሂሳብ 200 ጫጩት ገባ እንበል። እንደ ተፈጥሮው ግማሹ ሴት ቢሆን 100 ሴት አለች። ከእነዚህ ግማሾቹ ብቻ አንድ ጊዜ ቢወልዱ፣ እያንዳንዷ 100 እንቁላል ብትጥልና ግማሹ ቢጠፋ 2500 አዲስ አፍ ተጨመረ ማለት ነው። ለ200 ዓሣ ታስቦ የሚጨመረው ፉርሽካ አሁን የ2700 ዓሣ ሆነ። ይህ ገና በአንድ ዙር፣ ያውም ከወትሮው ዝቅ ተደርጎ የተሰላ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የከፋ ነው። ቆሮሶ ሲጨናነቅና ሲርበው ማደጉን ትቶ መውለድን ያስቀድማል። ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ትልቅ ሳይሆን የማይወልደው ዓሣ፣ በጠባብ ኩሬ ከ30 እስከ 50 ግራም ላይ እያለ ለመራባት ይደርሳል፤ ይህም ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ መጠን ነው። ሴቷ የበላችውን ወደ እንቁላል ትለውጣለች፣ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትጾማለች፣ ከጾሟ ስትወጣ እንደገና ትጥላለች፤ ሥጋ የምታበጅበት ጊዜ አይተርፋትም። በዓመቱ መጨረሻ ኩሬው ሲጎተት የሚወጣው ብዛት ያለው፣ አጥንቱ ከሥጋው የሚበልጥ፣ ማንም ምግብ ቤት የማይገዛው ዓሣ ነው። ይህ በእኛ የተጀመረ ችግር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በመካከለኛውና በምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም በያኔው የቤልጅግ ኮንጎ፣ ቆሮሶና ዘመዶቹ የገቡባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የገበሬ ኩሬዎች ተቆፍረው ነበር። በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አብዛኞቹ ሣር በቅሎባቸው ተተዉ። ለዚህ በርካታ ምክንያቶች ቢኖሩም፣ ገበሬውን ተስፋ ካስቆረጡት ዋናው የዓሣው በዝቶ መቀጨጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቲላፒያ ርባታ ሳይንስ ትልቁ ጥያቄ ይህ ሆኖ ኖሯል። ሂክሊንግ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 በማላካ ሁለት የቲላፒያ ዝርያዎችን አዳቅሎ ወንድ ብቻ የሆኑ ዓሦች ማግኘቱን ሲያሳውቅ የዘርፉ ሰዎች በጉጉት የተቀበሉት ስለዚህ ነው። ሌላው ዓለም ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን መርመስመስ እኛ ፎቶ እያነሳን እናከብረዋለን።

ወንዱ ለምን ይፈለጋል ቢባል መልሱ አጭር ነው። እንቁላል አያመርትም፣ በአፉ ይዞ አይጾምም፤ ስለዚህ ለመራባት ከሚደርስበት ጊዜ ጀምሮ ከሴቷ በእጥፍ ሊጠጋ በሚችል ፍጥነት ያድጋል። ወንድ ብቻ ባለበት ኩሬ ደግሞ የገባው ቁጥር እንደገባ ይቆያል፤ መኖውም ለታሰበለት አፍ ይደርሳል። በዚህ ላይ ተከራካሪ እምብዛም አይገኝም። ክርክሩ ያለው ትንሽ ዓሣ ላይ ወንድና ሴት እንዴት ይታወቃል የሚለው ላይ ነው። የተለመደው አስተያየት የሚሳሳተውም በሁለት በኩል ነው፤ አንዱ ወገን በመልክ ይታወቃል ይላል፣ ሌላው ጨርሶ አይታወቅምና እንተወው ይላል።

በመልክ ይታወቃል የሚሉት ቀይ ያለው ወንድ፣ ነጣ ያለው ሴት ነው ይላሉ። ይህ ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ትልቁና ኩሬውን የሚገዛው ወንድ በርቢ ጊዜ ደረቱና ክንፉ ይቀላል። ቀለሙ የሚናገረው ግን ከፆታ ይልቅ ስለ ማዕረግ ነው። በጉልበተኛው የተባረረው ወንድ ቀለሙን ደብቆ ሴት መስሎ ይውላል። ባልደረሰው ጫጩት ላይ ደግሞ ወንድም ሴትም ያው ብርማ፣ ያው በጎኑ ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች የተጋደሙበት ናቸው። በሌሎች ዓሦችም እንዲሁ ነው። በመስታወት ገንዳ የሚያረቡት፣ ታይላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ ብላ የሰየመችው ተፋላሚ ዓሣ ቤታ፣ አዋቂው ወንድ በረጅም ክንፉና በደማቅ ቀለሙ ከሩቅ ይለያል። ልጅ ሳለ ግን ክንፉ አጭር ነው፤ የሴት ምልክት ተብላ የምትታየው ከሆዱ ሥር ያለችው ነጭ ነጥብም በወጣት ወንዶች ላይ ብቅ ስለምትል ለዓመታት ያረቡ ሰዎች ሳይቀሩ ይሳሳታሉ። ፆታ በመልኩ በዚያ ደረጃ የሚታወጅበት ዓሣ በልጅነቱ ሰውን ካሳሳተ፣ አዋቂው ሳይቀር ልዩነቱ ስውር የሆነው ቆሮሶ በሁለት ጣት ርዝመቱ በቀለም ይለያል ማለት ራስን ማታለል ነው።

ትልቁ ወንድ፣ ትንሹ ሴት የሚለው ግምት የበለጠ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለው። ከደረሱ በኋላ ወንዶቹ ይበልጣሉ። ከመድረሳቸው በፊት ግን የመጠን ልዩነት የሚመጣው ቀድሞ ከመፈልፈል፣ ቀድሞ ወደ መኖው ከመድረስ፣ ሌላውን ገፍቶ ከመብላት ነው። ከአንድ መረብ ትልልቆቹን መርጦ ያወጣ ሰው ወንድ መረጠ ማለት አይቻልም፤ ታላላቆቹን መረጠ እንጂ። ከዚህም የከፋው የግምቱ ግልባጭ ነው። ብዙ ጊዜ ኩሬ ሲጎተት ትልልቁ ይበላል ወይም ይሸጣል፣ ትንንሹ «ለዘር» ተብሎ ይመለሳል፣ ከእሱም ላይ ለጎረቤት በባልዲ ይሰጣል። በተጨናነቀ ኩሬ ትንንሾቹ እነማን ናቸው? ገሚሱ በእርግጥ ጫጩት ነው። ገሚሱ ግን መጠኑ ጫጩት የመሰለ፣ ዕድሜው ዓመት ሊሞላ የሚችል፣ ቀጭጮ የቀረና ደጋግሞ የወለደ ዓሣ ነው፤ አብዛኛውም ሴት ነው። ጫጩት ተብሎ የተሰጠው ባልዲ ውስጥ እናቶች አሉ ማለት ነው፤ አንዳንዷም በአፏ ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች። አዲሱ ኩሬ በገባ በወሩ መርመስመስ ሲጀምር ባለቤቱ የዘሩን ብርታት ያደንቃል። በዚህ አሠራር ከዓመት ዓመት የምንመርጠው ቶሎ የሚያድገውን ዘር ሳይሆን ቶሎ የሚወልደውንና የማያድገውን ነው። በእህል ላይ ይህን የሚያደርግ ገበሬ የለም፤ የጤፉን ምርጥ ለዘር አስቀምጦ ነው የቀረውን የሚበላው።

አይታወቅም የሚሉትስ? እነሱ ስለ ትንሹ ጫጩት ልክ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ግራም የሚመዝን ዓሣ ከውጭ ታይቶ ፆታው አይለይም፤ ይለያል የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። ስህተታቸው ከዚያ ተነስተው እስከ መጨረሻው አይታወቅም ማለታቸው ነው። ቆሮሶ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲደርስ፣ ለመውለድ ገና ከመድረሱ በፊት ወይም በዋዜማው፣ ፆታውን የሚናገር አንድ ቦታ አለው። ዓሣው አንድ ቀን መኖ ሳይሰጠው ይቆያል። ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ፣ በረጠበ እጅ ተይዞ ሆዱ ወደ ላይ ይገለበጣል። ከፊንጢጣው ቀጥሎ ወደ ጅራቱ በኩል አንዲት ጉብታ አለች። የወንዱ ሾጠጥ ያለች ናት፤ ጫፏ ላይ ሽንቱም የዘር ፈሳሹም የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ። የሴቷ አጠርና ሰፋ ያለች ናት፤ ጫፏ ላይ የሽንት ቀዳዳ፣ መካከሏ ላይ ደግሞ በአግድም የተሰነጠቀች፣ እንደ ጠባብ ጨረቃ ቀጠን ያለች የእንቁላል መውጫ አለች። ከፊንጢጣው ጋር ሲቆጠር የወንዱ ሁለት፣ የሴቷ ሦስት ቀዳዳ ይሆናል። ስንጥቋ ለዓይን አልታይ ስትል ቦታውን በጨርቅ አድርቆ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም፣ ሜቲሊን ብሉ ወይም የምግብ ቀለም፣ መቀባት ይበቃል፤ ቀለሙ ስንጥቋ ውስጥ ገብቶ መስመሩን ያወጣዋል። ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፣ ዲግሪም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥሩ ብርሃን፣ ርጋታና ጥቂት መቶ ዓሣ ላይ የሰለጠነ ዓይን ነው። የሰለጠነውም ከመቶው ጥቂቱን መሳሳቱ አይቀርም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ የምዕራብ ሸዋ ነገር ይነሳል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሆለታ 2400 ሜትር ላይ ናት፤ ባኮ ወደ 1650 ሜትር ዝቅ ትላለች። ቆሮሶ የሚወደው ውኃ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ከ20 በታች አይወልድም፣ 17 አካባቢ ሲደርስ መብላቱን ይተዋል፣ 11 እና 12 ላይ ይሞታል። ከዚህ ተነስተው ብርዱ ራሱ መራባቱን ስለሚገታው ፆታ መለየት ለአምቦ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ይህ ሊመለስ የሚገባው ቁም ነገር ነው። በጀልዱና በመሰሎቹ ደጋዎች ክርክሩ ትክክል ነው፤ እዚያ ግን መደምደሚያው ቆሮሶ ጨርሶ አይግባ፣ ብርድ የሚችለው ካርፕ ይሞከር የሚል መሆን አለበት። በአምቦና በጉደር ግን ጥልቀት የሌለው ኩሬ በበጋው ፀሐይ ቀን ቀን ይሞቃል። መራባቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ እድገቱም አብሮ ይዘገያል። ብርዱ ሁለቱንም እኩል ስለሚያዘገይ ገበሬውን ከመጨናነቅ አያድነውም። እንዲያውም አጭር በሆነው የሙቀት ወቅት ዓሣው ያገኘውን ጉልበት በሙሉ ወደ ሥጋ ማዋል ያለበት እዚህ ነው። ባኮ ላይ፣ በጊቤ ሸለቆ ሙቀት፣ ነገሩ ክርክር እንኳ አያሻውም።

ብርዱ ሌላም ትምህርት አለው። ከቆላ የመጣው መመሪያ ጫጩቱ በሁለት ወይም በሦስት ወሩ ይለይ ሲል፣ አምቦ ላይ የሦስት ወር ዓሣ ገና 10 ግራም ላይሞላ ይችላል። ያንን ይዞ ፆታ ለመለየት የሚሞክር ሰው ጉብታዋን ያጣታል፣ በግምት ይከፍላል፣ ከወራት በኋላ ኩሬው ሲርመሰመስም መለየት አይሠራም ብሎ ይደመድማል። መለኪያው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ሚዛን ነው። ሃያ ዓሣ በአንድ ላይ መዝኖ ለሃያ ማካፈል ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

«አምባዛ ጨምሩበትና ጫጩቱን ይብላላችሁ» የሚለው መፍትሔ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ደጋፊ አለው፤ እኔም በመርሕ አልቃወመውም። አምባዛ አዳኝ ነው፣ ከእናቱ አፍ የወጣውን ጫጩት ይለቅማል፣ ራሱም ይሸጣል። ነገር ግን በእሱ ብቻ መተማመን የሴቷን ኪሳራ አያስቀርም። ጫጩቷ ተበላ አልተበላ እናቲቱ እንቁላሉን አምርታለች፣ ጾማለች፣ ቀጭጫለች፤ ገበሬው የቀለበው መኖ ዞሮ ዞሮ የአምባዛ ሆድ ውስጥ ነው የገባው። ጊዜውን መጠበቅም ከባድ ነው፤ አምባዛው ቀድሞ ወይም ተልቆ ከገባ የሚበላው ጫጩቱን ሳይሆን ራሱን ቆሮሶውን ነው። አምባዛ ትክክለኛ ቦታው ከመለየት በኋላ ነው። ዓይን ስቶ ያለፋቸው ጥቂት ሴቶች ሲወልዱ ያንን ለቅሞ ስህተቱን ይሸፍናል። ሁለቱ ሲጋገዙ ነው የሚያምረው።

ሌላው ተቃውሞ ከላይ የሚመጣ፣ ዘመናዊነትን የሚጠቅስ ነው፤ ዓለም በሆርሞን ወንድ ብቻ እያመረተ በእጅ መለየት ኋላ ቀርነት ነው ይላል። እውነት ነው፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ይህ ዘዴ ይሠራል። ሜቲል ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በአንድ ኪሎ መኖ 60 ሚሊ ግራም ተደባልቆ፣ አስኳላቸውን ጨርሰው መብላት ለጀመሩ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ለሆኑ ጫጩቶች ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይሰጣል። በደንብ ከተሠራ ከመቶው 95 እና ከዚያ በላይ ወንድ ይሆናሉ። ዓሣው ለገበታ የሚደርሰው ብዙ ወራት ቆይቶ ስለሆነ ለበላተኛው ያሰጋል የሚለው ወሬም በማስረጃ የቆመ አይደለም። ግን የሚሠራው ማነው? ጫጩቶቹ በእድሜ ተቀራራቢ፣ በመጠን እኩል መሆን አለባቸው፤ ሆርሞኑ በአልኮል ተሟሙቶ በልክ መደባለቅ፣ መኖው በቅዝቃዜ መቀመጥ፣ ሠራተኛው ጓንትና ጭንብል ማድረግ፣ የገንዳው ውኃ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ መጠበቅ አለበት። ይህ እንደ ሰበታው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለ ተቋም ሊሠራው የሚችል እንጂ በቶኬ ኩታዬ ወረዳ አርሶ አደር ጓሮ የሚሠራ አይደለም። ደግሞም ሆርሞኑ ሠርቷል አልሠራም የሚለው የሚረጋገጠው ከተሰጣቸው ዓሦች መካከል ናሙና ወስዶ ወንድና ሴቱን በመለየት ነው። በሆርሞን የመጣ ጫጩት እንኳ ተቀባዩ ገልብጦ የማየት ችሎታ ከሌለው የቃል ዋስትና ብቻ ነው የሚይዘው። ሆርሞን እስኪመጣ ብለን የምንጠብቅበት፣ ሲመጣም መለየትን የምንተውበት ምክንያት የለም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የወጪ ነው፤ በሐቀኝነትም መመዘን አለበት። የ2 ግራም ጫጩት በኦክስጅን በተሞላ አንድ ፕላስቲክ ከረጢት በመቶዎች ይጓጓዛል፤ የ25 ግራሙ በዚያው ከረጢት ጥቂት አሥሮች ብቻ ነው የሚገባው። እስኪደርስም ኩሬ ይይዛል፣ መኖ ይበላል። ስለዚህ ከሰበታ ወይም ከባቱ ተለይቶ፣ አድጎ፣ በመኪና ተጭኖ እዚህ ድረስ ይምጣ ማለት አይሆንም። ግን ይህ የሚያሳየው ማሳደጊያውና መለያው እዚሁ መሆን እንዳለበት ነው። ጫጩቱ በትንሽነቱ ይምጣ፤ ባኮ ወይም ጉደር ላይ ያለ ማሳደጊያ ኩሬ ውስጥ 25 ግራም እስኪሆን ይቆይ፤ ከዚያ ተለይቶ ለአርሶ አደሩ ይዳረስ። ባኮ ሙቀቱ አለው፣ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለው። ጉደር ላይ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዝምር ካምፓስ የግብርና ተማሪዎችን ያሠለጥናል፤ በየዓመቱ ብዙ መቶ ዓሣ ገልብጦ ማየትን ከተግባር ትምህርታቸው አንዱ ማድረግ የሚያስወጣው ወጪ ትንሽ ነው። የተደራጁ ወጣቶች ደግሞ ማሳደግና መለየትን ራሱን ንግድ ሊያደርጉት ይችላሉ። በየከተማው ያለው የዶሮ ሥራ ይህን መንገድ ከከፈተ ቆይቷል፤ የአንድ ቀን ጫጩት ተረክቦ 45 ቀን አሳድጎ የሚሸጥ ሰው አለ፣ እንቁላል ፈልጎ የሚገዛ ሰውም ከመክፈሉ በፊት ስንቱ ቄብ ስንቱ አውራ እንደሆነ ይጠይቃል። ለዓሣ ሲሆን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ገዢም፣ የሚመልስ ሻጭም ማጣታችን ነው የሚያስቆጨው።

ግማሹ ሴት ከሆነ ግማሹ ወጪ ባከነ የሚሉ ይኖራሉ። አልባከነም። ሴቶቹ ለብቻቸው ሌላ ኩሬ ቢገቡ እነሱም አይራቡም፤ ከወንዶቹ ዝግ ብለው ያድጋሉ እንጂ ከተደባለቀ ኩሬ የተሻለ ይሆናሉ። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ በወንዶች መካከል በስህተት የገባች አንዲት ሴት የምትወልደው የራሷን ያህል ነው፤ በሴቶች መካከል የገባ አንድ ወንድ ግን ከብዙዎቹ ጋር ይራባል። ስለዚህ የሴቶቹ ኩሬ ሲለይ ዓይን ይበልጥ መሳል አለበት፤ አጠራጣሪው ሁሉ ወደ ወንዶቹ ኩሬ ይሂድ። ሁለተኛ ኩሬ የሌለው ደግሞ ሴቶቹን ለቤት ይብላቸው፤ 25 ግራም ዓሣ ጠብሶ ለልጆች መስጠት ከነነፍሱ ኩሬ ውስጥ አስቀምጦ የወንዱን መኖ ከማስበላት ይሻላል። 200 ያልተለየ ጫጩት ከመውሰድ 80 የተለየ ወንድ መውሰድ ያተርፋል።

ይህን ሁሉ ማን ያስጀምረው? የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ ዓሣም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር በየወረዳው ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ዕቅድ ሪፖርት ይወልዳል፣ ሪፖርት ቁጥር ይፈልጋል፤ አሁን የምንቆጥረው የተከፋፈለውን ጫጩትና የተቆፈረውን ኩሬ ነው። የሚቆጠረው ነገር ሲቀየር የሚሠራውም ይቀየራል። ወረዳው በርክክብ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ አማካይ ክብደቱ ስንት ግራም ነው፣ ስንቱ ወንድ ስንቱ ሴት ነው፣ ያልተለየው ስንት ነው። በዓመቱ መጨረሻም ስንት ዓሣ ወጣ ከማለት ይልቅ ለገበታ የሚበቃ፣ ከ200 ግራም በላይ የሆነ ስንት ኪሎ ወጣ ብሎ ይጠይቅ። እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት ሆድ ተገልብጦ ሲታይ ብቻ ነው፤ መልሱ የሚፈለግ መሆኑ ሲታወቅ የሚያየው ሰው አይጠፋም።

አሁን በእጃችን ያሉት የተርመሰመሱ ኩሬዎችስ? ወንድ ጨምሮባቸው ወይም መኖ አብዝቶ ማዳን አይቻልም። ውኃው ይፍሰስ፣ ያለው ሁሉ ይውጣ፣ ትልቁ ይሸጥ፣ ትንሹ ይጠበስ ወይም ይድረቅ፤ አንዱም ለዘር አይቀመጥ፣ ለጎረቤትም በባልዲ አይሰጥ። ቆሮሶ ጭቃ ላይ በቀረች እፍኝ ውኃ ውስጥ ስለሚተርፍ ወለሉ በበጋው ፀሐይ እስኪሰነጠቅ ይድረቅ፤ ፕላስቲክ የተነጠፈበትም እጥፋቱ ሁሉ ይፈተሽ፤ ረግረጉ የማይደርቅለት ኖራ ይበትንበት። ክረምቱ ሲሞላው የሚገባው ዓሣ ተመዝኖና ተገልብጦ የታየ ይሁን።